ባለሦስት ፊደሏ መንደር

ወጣቱ ባለሙያ ካርታውን ወደ ስታቲስቲክስ ፕሮግራሙ ሲያስገባ የመንደሮቹ ስም ሁሉ በየፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ፋይሉ ፊደላችንን በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ስለነበር ስሞቹ ላይመለሱ ጠፍተዋል። ስም የሌለው መንደር ደግሞ ከውሃ ጉድጓድ ዕቅዱ ይወጣል።

ከመዝገብ ቤት የተላከችለት ሴትዮ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ የሹራቧን ቀኝ ክርን ጠረጴዛ በልቶት ሁለቴ ተጠግኗል። ምልክቶቹን በእርሳስ ጫፍ ትቆጥርና ካርታውን ታያለች። "አራት ፊደል፣ ከድልድዩ ማዶ" ትልና ስሙን ትጽፋለች፤ ከዚያ መዝገቡን ገልጣ ታረጋግጣለች። አንዱንም አልሳተች። ወጣቱ ይህን ሁሉ መንደር መቼ ዞራ አየችው ብሎ ተገረመ።

የመጨረሻዋ መንደር ባለሦስት ፊደል ነበረች። ሴትዮዋ ስሟን ጻፈች፤ መዝገቡን ግን አልገለጠችም። ወጣቱ ራሱ ገልጦ አየ።

"እትዬ፣ እርስዎ በንጉሡ ሠ ጻፉት። መዝገቡም ዕቅዱም በእሳቱ ሰ ነው የሚሉት። ለፕሮግራሙ እኮ ሁለቱ የተለያዩ መንደሮች ናቸው፤ ካልገጠሙለት ይጥላታል።"

"መዝገቡ መቼ እዚያ ተወለደ፣ ልጄ?" አለችው ቀና ሳትል።

ወጣቱ የዕቅዱን ሰንጠረዥ ከፍቶ የመንደሯን እሳቱ ሰ በንጉሡ ሠ ተካው።