ጠርዝ የነካች ኳስና የተነሳ እጅ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእጄ የሞላሁት የነጥብ ወረቀት ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው የአዳራሹ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ፣ "ከአንቺ በኋላ ሰሌዳውን ለምትይዘው ልጅ የምታውቂውን ጽፈሽ ሂጂ" ስላሉኝ ነው። በቃልሽ ንገሪያት ቢሉኝ አልችልም ነበር። ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ ድምፄ ይጠፋል።

ሥራ የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ሰኞ ጧት ነው። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው የወጣቶች አዳራሽ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ከአዳራሹ መሐል፣ በወገቡ ላይ መረብ የተወጠረበት ሰማያዊ ጠረጴዛ ቆሟል። ባልዲዬን እሱ ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ ደምሴ ከቢሯቸው እየሮጡ መጡ።

"አንሺ! አንሺው! ይኼ ጠረጴዛ ከእኔም ከአንቺም ይበልጣል!"

"ምግብ የሚበላበት መስሎኝ ነው።"

"መረቡስ ለምን ይመስልሻል?"

"አንዱ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ።"

ጋሽ ደምሴ ቁጣቸውን ረስተው ሳቁ። እኔ ግን ሳቃቸውን አላመንኩትም፤ ከሰዓት በኋላ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነጠላዬን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ።

አላባረሩኝም። የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ ጠረጴዛው መጀመሪያ በእርጥብ፣ ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ እንደሚወለወል አሳዩኝ። መረቡን በመለኪያ እንጨት መለካትም ተማርኩ። የተሰነጠቀ ኳስ ከማየት በፊት በጆሮ ይታወቃል፤ ድምፁ ይታፈናል። በእኛ ብርድ ደግሞ ኳስ እንደ ልብ አይነሳም፤ ስለዚህ ግጥሚያ ሲኖር ኳሶቹን በሹራቤ ኪስ አሙቄ እቆያለሁ።

በስድስተኛው ወር፣ የነጥብ ሰሌዳውን ታገላብጥ የነበረችው ልጅ አግብታ ወደ ዓለም ከተማ ሄደች። ጋሽ ደምሴ ጠሩኝ። "አስካለ፣ ማን እየመራ እንደሆነ ከአንቺ ፊት አይታወቅም። ለዳኝነት የሚሆን ፊት ነው ያለሽ" አሉኝ። ዓይነ አፋርነት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም።

ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መጠራጠር ለመድኩ። ሥራው ያመጣው ይመስለኛል። ጫማዬ ተፈታ የሚለው ተጫዋች ለማረፍ ነው። ራኬቱን ደጋግሞ የሚጠርገው ለማዘግየት ነው። የሚስቀው ሊያናድድ ነው። ለእያንዳንዱ ፊት አንድ ክስ ነበረኝ።

እኔም በተራዬ በሰው ተጠረጠርኩ። ከአዲስ አበባ አንድ ቡድን መጥቶ ነበር። ልጆቹ ሲያሸንፉ ይጮኻሉ፣ ይተቃቀፋሉ፤ አንዷ ተሸንፋ በአደባባይ አለቀሰች። የእኛ ልጆች ሲያሸንፉ መሬት መሬት ያያሉ። ደስታ በሰው ፊት ከተዘረገፈ ዓይን ያገኘዋል ተብለን ነው ያደግነው። እኔም ሳቅ ሲመጣብኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። የእንግዶቹ አሠልጣኝ ብድግ አለና፣ "ይቺ ልጅ በነጠላዋ ምልክት እየሰጠች ነው!" አለ። ጋሽ ደምሴ ነጠላዬን አስወለቁኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሹራብ ብቻ ነው የምዳኘው።

ባለፈው ዓመት የመንገድ ሠራተኞች ከከተማው ዳር ካምፕ ሠሩ። ከእነሱ መካከል ከቻይና የመጣ አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ሁላችንም "ኢንጂነር" እንለው ነበር። እሑድ እሑድ ራኬቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አዳራሹ ይመጣል። ነጥብ ሲያገኝ ጡጫውን ጨብጦ "ቾ!" ይላል። ሰርቭ፣ ማለትም የመክፈቻውን ኳስ፣ ሲመታ ወለሉን በእግሩ ይረግጣል። በርኖሳቸውን ተከናንበው የሚመለከቱ አዛውንቶች ተያዩ።

"ምን አለ?"

"ሰደበን።"

"ማንን?"

"ማንን ይሆን? ያሸነፈውን ነዋ!"

እኔም በሆዴ ስድብ ነው ብዬ ያዝኩበት።

ከእኛ ወገን እሱን የሚችለው ዲያቆን ሲሳይ ብቻ ነበር። ቀድሶ ሲወጣ ነጠላውን አጣጥፎ ወንበር ላይ ያኖርና ይጫወታል። ቅዳሴ ቆሞ ማገልገል ስለለመደ አይደክመውም፤ ቢደክመውም አያሳይም። ያሸንፍ ይሸነፍ ፊቱ ያው ነው።

የካምፑና የከተማው ግጥሚያ ሲቃረብ ጋሽ ደምሴ ቢሯቸው አስገቡኝ። "ዋና ዳኛዋ አንቺ ነሽ። ግጥሚያው ያለ ጭቅጭቅ ካለቀ ደብረ ብርሃን ለሚሰጠው የዳኝነት ሥልጠና ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ከተጨቃጨቁ ግን መጥረጊያሽ የትም አልሄደም።" ያንን ደብዳቤ ከምንም ነገር ይበልጥ ፈለግሁት። ለስድስተኛ ክፍል ሰው ሌላ በር አልነበረም።

በዋዜማው ቅዳሜ፣ የጠረጴዛው ነጭ የጠርዝ መስመር ስለደበዘዘ ከበር ቀለም በተረፈው ደግሜ ቀባሁት። "ደርቋል?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ። "ደርቋል" አልኳቸው። በመንዝ ብርድ ቀለም ቶሎ እንደማይደርቅ እያወቅሁ ነው ያልኩት። በተለይ ጥጉ ላይ ወፍሮ ነበር።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ኢንጂነሩና ዲያቆኑ ሁለት ሁለት ዙር ተሸናነፉና አምስተኛው ዙር ዘጠኝ ለዘጠኝ ደረሰ። እዚያ ላይ ኳሱ ተሰነጠቀ። ከኪሴ አዲስ ብርቱካናማ ኳስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ኢንጂነሩ በኃይል መታ። ኳሱ ወደ ዲያቆኑ ጥግ ሄደና ቁልቁል ወረደ፤ ዲያቆኑ አልደረሰበትም። ጠርዙን ነክቷል ወይስ አልነካም? ከወንበሬ ሆኜ አላየሁም።

ኢንጂነሩን አየሁት። "ቾ!" አላለም። ግራ እጁን ከፍቶ አነሳ፣ አንገቱንም ሰበር አደረገ።

ይቅርታ እየጠየቀ እንደሆነ ገባኝ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ የበደለ ሰው ነው። በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆመው ጥፋቱን ስላመነ ነው፤ ሳያጠፋ ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ኳሱ ውጭ መውጣቱን ራሱ አመነ ብዬ ነጥቡን ለዲያቆኑ ሰጠሁት። ኢንጂነሩ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሕዝቡን አየና ፈገግ አለ። ይኸው፣ የተያዘ ሌባ ነው የሚስቀው አልኩ በልቤ። በሚቀጥለው ኳስ መረብ ላይ መታ። አሥራ አንድ ለዘጠኝ፤ ዲያቆኑ አሸነፈ። አንድም ጭቅጭቅ አልተነሳም።

ሰው ሲወጣ ጠረጴዛውን ልወለውል ጨርቄን አመጣሁ። ጥጉ ላይ፣ በነጩ ቀለም መሐል፣ ምስር የምታህል ጎድጓዳ አገኘሁ። ኳሱን ከኪሴ አወጣሁት። በብርቱካናማው ላይ ነጭ ቀለም ተለጥፎበታል። በዚያ ኳስ የተጫወቱት ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውም መረብ ላይ ነው የቀረው። ቀለሙን የቀባሁት ከላይ ብቻ ነበር፤ በጎን በኩል አልቀባሁም። ከላይ ጠርዙን የነካ ኳስ ደግሞ ልክ ነው። ነጥቡ የኢንጂነሩ ነበር።

ዲያቆኑ ነጠላውን ሊወስድ ተመለሰ። ኳሱን ከኋላዬ ደበቅሁት።

"ዲያቆን፣ ያቺ የጥጓ ኳስ ጠርዝ ስትነካ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"አልሰማህምስ?"

ነጠላውን ከወንበሩ እያነሳ፣ "ጠብ የምትል ድምፅ ሰምቻለሁ" አለ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እሱ ራሱ እጁን አንስቶ የተናዘዘውን እኔ ልካድለት? ደግሞስ ዳኛዋ አንቺ ነሽ፤ በምን አፌ?"

ስላሸነፈበት ነው አልኩ በውስጤ፤ ለእሱማ ዝምታው ተመቸው። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን እኔም እንደ እሱ ነው ያሰብኩት።

ለጋሽ ደምሴ ኳሱን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። "ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። የከሰሰ የለ፣ የተከሰሰ የለ። ወልውዪውና ዝም በዪ።" ኳሱን አልወለወልኩትም።

ሰኞ ወደ ካምፑ ሄድኩ። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ለቀን ሥራ ከሆነ ስም ዝርዝሩ ሞልቷል" አለኝ። ኢንጂነሩን እንደምፈልግ ስነግረው የባሰ ተጠራጠረ። "ምኑ ነሽ?" "ዳኛዋ ነኝ" አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ዳኛ ብዬ ጠራሁ። ዘበኛው ፍርድ ቤት የላከኝ መስሎት ይሆናል፣ በሩን ከፈተ።

ያስተረጎሙልን እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የሞላሌ ሰው ናቸው፣ በካምፑ ምግብ ሲያበስሉ ቋንቋውን ለምደዋል። ኳሱን ለኢንጂነሩ ሰጠሁት። አየውና ሳቀ።

"ለምንድነው የሚስቀው?" አልኩ።

እትዬ ዘነበች ጠየቁት። "አፍሮ ነው የሚስቀው፤ ሲያፍር እንዲህ ነው" አሉኝ።

"እጁንስ ለምን አነሳ? ካላጠፋ?"

እሱ ረጅም ነገር ተናገረ። እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። "ጠርዝ የነካ ኳስ ዕድል እንጂ ጉብዝና አይደለም ይላል። ዕድል ስለረዳው ሌላውን ይቅርታ ይላል። ነጥቡን ግን ይወስዳል።"

"ነጥቡን እየወሰደ ይቅርታ?"

"እኔም ይኸን ብዬዋለሁ!" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ታዲያ ነጥቡን ስከለክለው ለምን ዝም አለ?"

ኢንጂነሩ ሲመልስ እንደማፈር አለ። "ሕዝቡን አየሁ አለ። የተቆጣ የለም፣ የተገረመ የለም፤ የሁሉም ፊት ጸጥ ያለ ነው። በዚህ አገር የጠርዝ ኳስ አይቆጠርም ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ ይላል።" ከዚያም ጨመሩ፤ "ደግሞ ያ ዲያቆን የሚንቀኝ ይመስለኝ ነበር ይላል። ባሸንፈውም ቢያሸንፈኝም ፊቱ አይለወጥም፤ እንደ ሰው አይቆጥረኝም ብዬ ነበር አለ።"

ስለ "ቾ!" ሳልጠይቅ ልወጣ ነበር፤ በሩ ላይ ተመልሼ ጠየቅሁ። ስድብ አይደለም። በርታ እያለ ራሱን ነው የሚያነቃው። አንድ ዓመት ሙሉ በሆዴ የያዝኩበት ይኸን ነው።

ማክሰኞ በነጥብ ወረቀቱ ግርጌ እንዲህ ጻፍኩ፤ "በአምስተኛው ዙር ዘጠኝ ለዘጠኝ ላይ ነጥብ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ቀለሙም አልደረቀም ነበር።" ፈርሜ ለጋሽ ደምሴ ሰጠሁ። አነበቡት። ደብዳቤውን ከጠረጴዛቸው አንስተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ቆለፉ። "ከአሁን ወዲያ ለእያንዳንዱ ኳስ የሚከራከርሽ ነው የምታተርፊው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሳምንት ልጆቹ ለልምምድ ሲጫወቱ እንኳ፣ "አስካለ፣ ቀለም እይልን!" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ዲያቆኑ የወረቀቱን ነገር ሰምቶ ኖሮ፣ "አምስተኛው ዙር ይደገም" ብሎ ራሱ ጠየቀ። እሑድ ደገሙት። ጋሽ ደምሴ ከፊት ተቀምጠው ከኳሱ ይልቅ እኔን ያዩ ነበር። ኢንጂነሩ አሥር ለዘጠኝ ሲመራ፣ የዲያቆኑ ኳስ የኢንጂነሩን ጠርዝ ነክታ ወረደች። ይኸኛውን አየሁት። ነጥቡን ለዲያቆኑ ሰጠሁ፤ አሥር ለአሥር። ዲያቆኑ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያም እጁን እስከ ጆሮው ብቻ አነሳ፤ ጆሮውን የሚያሳክከው ሰው ይመስል ነበር። ኢንጂነሩ አጨበጨበለት። ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ኢንጂነሩ ወሰደ። ከተማው ተሸነፈ።

በርኖስ ከለበሱት አንዱ ሽማግሌ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ "በገዛ ልጃችን ተሸነፍን" አሉ። አንገቴን ደፋሁ። የማለቅስ መስሏቸው ይሆናል። አላለቀስኩም።

ሰሌዳውን ለምትረከቢው የማስተላልፈው ይኸን ነው። ቀለም ሳይደርቅ ደርቋል አትበዪ። ፊት አይተሽ ነጥብ አትስጪ፤ የሚታየው ኳሱና ጠርዙ ነው። ያላየሽውን አላየሁም በዪና አስደግሚ። እኔ አሁንም ሰው እጠረጥራለሁ፤ አመሌ ነው። ግን ከጠረጠርኩ በኋላ እጠይቃለሁ።

ዛሬ ጧት፣ ደብዳቤ ባይኖረኝም በሥልጠናው ዕድሌን ልሞክር ወደ ደብረ ብርሃን ልሳፈር ስል፣ ጋሽ ደምሴ እስከ ሚኒባሱ መናኸሪያ ድረስ መጡ። መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውት የነበረውን ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ማኅተም አርፎበታል። ከሥሩ ያ የነጥብ ወረቀት ተያይዟል። ለምን እንዳያያዙት ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

"ስድስተኛ ክፍል መሆንሽንም፣ ነጥብ ማሳሳትሽንም ጨምሬ እውነቱን ነው የጻፍኩት። አንብበው ከሳቁ፣ አንገትሽን አትድፊ፤ በምን እንደሳቁ ጠይቂያቸው።"