ማሽኑን አንድ በአንድ ስጠይቀው

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከጊምቢ እስከ ነቀምቴ ሦስት ሥራ ቀያይሬያለሁ። በአራተኛው ያቆየኝ አንድ ኮምፒውተር ነው። መሥሪያ ቤታችን ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ ጸሐፊው፣ በትርፍ ጊዜዬ ግጥም የምገጥመው፣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየገለጥኩ ብቻዬን ተማርኩት። አንድ ሰኞ ስከፍተው ስክሪኑ ጠቆረና ቀረ። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ሥራ አስኪያጃችን የእንጨት ሳጥን አሠርቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀመጠ።

«ነገ በላንድሮቨሩ አዲስ አበባ ይሄዳል» አለኝ። «አንተም ወደ ታይፕህና ወደ ካርቦንህ። ግጥም የሚገጥም ሰው ማሽን ያውቃል ማለቴ የኔው ጥፋት ነው።»

አዲስ አበባ የሄደ ዕቃ እንደማይመለስ አውቅ ነበር።

በምሳ ሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስተክዝ ዘበኛችን ከዲጋ ከመጣ ዘመዱ ጋር ሰላምታ ያዘ። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ማሳው፣ ላሞቹ፤ ሁሉም ለየብቻው ተጠየቀ። እንግዳው ሲሄድ «አባ ኮ፣ ሰላምታችሁ ከምሳዬ ረዘመ» አልኩት።

«ኢልማ ኮ» አለኝ፤ በኦሮምኛ እኔ አባቴ እንደምለው እሱም ልጄ ይለኛል። «ባንዴ ብትጠይቀው ‹ደህና› ብሎህ ያልፋል። አንድ በአንድ ስጠይቀው ግን ላሞቹ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ላም ታማበታለች።»

ተነሥቼ ገባሁ። ማሽኑ ሲነሣ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች አንድ ፋይል ውስጥ ተጽፈዋል፤ የመጀመሪያው መስመር «የምትሠራውን አታሳይ» ይለዋል። በፍሎፒ ዲስክ አስነሣሁትና ትእዛዝ እየጻፍኩ ያንን መስመር ሰረዝኩ። በየመስመሩ መሃልም «ቁልፍ እስክነካ ቁም» የሚል አስገባሁ። ከዚያ ፍሎፒውን አውጥቼ፣ አጥፍቼ አበራሁት።

አንደኛው መስመር ታየ፤ ቁልፍ ነካሁ፤ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ዝም አለ። መስመሩ «ፕሪንተሩን አዘጋጅ፤ እስኪመልስልህ ጠብቀው» የሚል ነበር። ፕሪንተሩ ግን ቅዳሜ ለጥገና አዲስ አበባ ሄዷል። ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ የሌለ ጓዱን ሲጠብቅ ከርሟል።

መስመሩን አወጣሁት።

ሥራ አስኪያጁ ከምሳ ሲመለስ የወሩን ሪፖርት ስክሪኑ ላይ እያረምኩ አገኘኝ። ከኋላዬ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ሰላምታ ሰጥቼው ነው፣ ጓድ።»

ላንድሮቨሩ በማግሥቱ ባዶውን ሄደ። ሳጥኑን ዘበኛው ለመነኝ፤ ዕንቁላል የሚታቀፉ ሁለት ዶሮዎች ነበሩት።