እንትፍ ያልኩባት

መካነ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለሰው ሜሞሪ ላይ ፊልም እጭናለሁ። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ የያዝኩት ሥራ ነው። አልወደውም፤ ቤት ከመቀመጥ ግን ይሻላል። ሰው አብዝቶ የሚያስጭነው ትርጉም ፊልም ነው፤ በተለይ ጨረቃ ስትሞላ ሰውየው ተኩላ የሚሆንበትን ዓይነት። አንዱን ደንበኛ «ምኑ ይገርምሃል? ሰው ጅብ ይሆናል ሲሉ እየሰማህ አይደል ያደግኸው?» ብዬ ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም።

«የእኛው እውነት ነዋ» አለኝ።

እኔ ቡዳን የማየው እንደዚያው እንደ ፊልሙ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጠዋት የባልንጀራዬ ባል መጥቶ ሱቁ በር ላይ ቆመ። እሷና እኔ ከዘጠነኛ ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ነው የተማርነው። ግባ ብለው አልገባም።

«ታማለች» አለ።

«ሐኪም ቤት አልወሰድካትም?»

«ወስጃት ነበር። ምንም የለባትም አሉኝ። እህል ባፏ ካልዞረ ሰነበተ። ተነሺ እንሂድ።»

«እኔ ሐኪም ነኝ?»

መሬት መሬቱን አየ። «አጭሰውባት ለፈለፈች። ያንቺን ስም ጠራች።»

የማያውቅ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቡዳ በላው የተባለን ሰው ሥር ያጨሱበታል። ያን ጊዜ ውስጡ ያለው በሱ አፍ ይናገራል። «ማነህ? የት በላኸው?» ይሉታል። የተጠራው ሰው መጥቶ እንትፍ ሲልበት በሽተኛው ይነሳል። ይላሉ እንግዲህ።

መንገዱን ሙሉ ጭቃውን እየረገጥኩ ስሳደብ ሄድኩ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል፤ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል። ባልንጀራዬ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። አማቷ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እኔን ነው ቡዳ ያሉኝ?» አልኳቸው፣ ቁጭ ሳልል።

«ኧረ እኔ ምን ወጣኝ፣ ልጄ! እሷው ናት የተናገረች። ‘በር ላይ ፀጉሯን ስትፈታ አገኘኋት፣ አማረችኝ፣ በላኋት’ አለች። አንቺ እንትፍ በይና ወደ ሥራሽ ሂጂ። ማን አየሽ?»

ያን ሁሉ ሰው ሰብስበው ማን አየሽ ይላሉ።

የፀጉሩ ነገር እውነት ነው። በዚያ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ በር ላይ ሹሩባዋን ስትፈታ ደረስኩ። «ይሄ ፀጉር ላንቺ ምን ያደርግልሻል? ለኔ በሰጠኝ!» አልኳት። እንትፍ እንትፍ አላልኩም። ምላሴ እንዲህ ነው፤ አገር ያውቀዋል። ክፉ ምላስ አላት ሲሉኝ ኖረዋል፤ ክፉ ዓይን አላት ያለኝ ግን አልነበረም።

እንትፍ ካልኩ አመንኩ ማለት ነው። ከእንግዲህ እፊቴ ማን ይበላል? ማንስ ያገባኛል? እንቢ ብዬ ብትሞትስ?

አንዲት ሙስሊም ጎረቤታቸው ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። ምራቅ ምን አላት? ውሃ አይደለች?»

«ውሃ ከሆነች እርስዎ ለምን አይተፉባትም?»

አንዷ ከኋላ ሳቀች። አማቲቱ ገላመጧት።

ጋቢውን ገለጥኩት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያየኝም። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። አፌ ደርቆ ምራቅ እንኳ እንቢ አለኝ። እንደምንም ግንባሯ ላይ እንትፍ አልኩ።

ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ «ውሃ» አለች። ጠጣች። አጥሚት አመጡላት፣ እሱንም ጠጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴ አያርፍም። ቡዳ ካልሆንኩ ለምን ተነሳች? ከሆንኩስ መቼ ሆንኩ? በር ላይ የተባባልነውን የምናውቅ እሷና እኔ ብቻ ነን። እንግዲያው በልቧ ያሰበችኝ እንደዚያ ነበር? የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ቡዳ ቡዳነቱን አያውቅም ይላሉ ደግሞ። ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ ሲነጋ ልብሱ ተቀዳዶ ነው የሚያገኘው። እኔ በተኛሁበት ቀሚስ ነው የምነሳው። አንድ ጠዋት ግን ቁርጭምጭሚቴ ላይ የደረቀ ጭቃ አየሁ። ማታ ታጥቤ ነበር የተኛሁ? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም።

ሱቅ የሚመጡት ጎረምሶችም ወሬው ደረሳቸው። «ዛሬ ጨረቃ ሙሉ ናት፣ ትከፍቻለሽ?» አለኝ አንዱ።

«አንተን ለመብላት ጨረቃ አያስፈልገኝም፤ ሥጋ የለህ!»

ሳቀ። የጀመረውን ብስኩት ግን ኪሱ ከተተው።

ክረምቱ ሲወጣ እሷ ራሷ መጣች፤ ቆሎ በፌስታል ይዛ። ፊቷ ሞልቷል። በርጩማ ሰጠኋትና ሳልዞር ሳልመለስ ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ያልሽውን ታስታውሽዋለሽ?»

«ምንም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ!» አለች። ክርስቲያን ናት፤ እንዲያምኗት ስትፈልግ ግን እንደዚያ ነው የምትምል። ስትምል ያየችው ፌስታሉን ነበር። ከቆሎው ዘግና እጄ ላይ አደረገችልኝ።

«አንቺስ?» አልኳት።

«በልቼ ነው የመጣሁ።»

«ምን ልጫንልሽ?»

«ከተኩላው በቀር ያሻሽን።»

ሜሞሪዋን ሰክቼ ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ቆሎ ሲቆረጠም። እርቧት ኖሯል። ልዙር? ብዞር ታቆማለች፤ ባልዞር ደግሞ ቡዳ መሆኔን ማመኔ ነው። አልዞርኩም።

«አለቀ?» አለችኝ፣ አፏ ሞልቶ።

ተጭኖ ካለቀ ቆይቷል።

«ትንሽ ቀረው» አልኳት።