«ይጫኑ» የምትል በተን

ሚዛን ከተማ ውስጥ ድረ ገጽ እንሠራለን ስንል ሰው ሁሉ ፎቶ ኮፒ ነበር የሚጠይቀን። ሁለት ነበርን። እኔ መልኩን እነድፋለሁ፤ ባልደረባዬ ኮዱን ይጽፋል። እሱ ነገረኛ ነው፤ እኔም ብብስ እንጂ አላንስም። ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ የሚሰሙን ጎረቤቶች ባልና ሚስት እንመስላቸው ነበር፤ ይቅር ይበላቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን የአንድ ቡና ነጋዴ ነበር። ሀጂ ነው የምንላቸው። ከጅማ በኩል መጥተው እዚሁ አጠገባችን አማን የከተሙ፣ ቴፒ መጋዘን ያላቸው ሰው ናቸው። ገጻቸው ዝም ብሎ የሚነበብ ብቻ እንዲሆን አልፈለግንም። የመጋዘኑ ጠባቂ ፎቶ ይወጣል፤ ከፎቶው ሥር ያለችውን በተን በጣት ሲነኳት ቡናው ከዛፉ እስከ ማድረቂያው አልጋ ድረስ በየተራ ይታያል፤ የዝናቡም የለቃሚዎቹም ድምፅ አብሮ ይሰማል። በተኗ ላይ «የቡናውን ጉዞ ለማየት ይጫኑ» ብለን ጻፍን። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል እስቲ በተራ ስልክም ይሞከር አልን። ሀጂ የገጹን አድራሻ ከራሳቸው ስልክ ለጠባቂው ላኩለት። ሌላ ምንም ቃል አልጨመሩበትም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሀጂ በራችን ላይ ቆሙ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያን ቀን ጠጋ ካላሏቸው አይሰሙም ነበር።

«ጠባቂው ቡናዬን መኪና ላይ ጭኖታል» አሉ። «ገና እርጥብ ነው። በዚህ ዝናብ፣ በሸራ ታፍኖ ጅማ እስኪደርስ ይሻግታል። ደውዬ ማን አዘዘህ ስለው እርስዎ አለኝ። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ።»

«ተሳስቶ ይሆናላ» አልኩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ያልተሳሳተ ሰው ዛሬ? ሊሸጠው ነው እንጂ። ዛሬውኑ ከግቢዬ ይወጣል።»

ሰውየው ከነሚስቱና ከነልጆቹ የሚኖረው እዚያው መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነው። ሥራውን ካጣ ቤቱንም ያጣል።

ባልደረባዬ ከመሳቢያው ትንሽ ስልክ አውጥቶ ገጹን ከፈተ። ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን ሰጠኝ። የጠባቂው ፎቶ አለ፤ ከጀርባው ማድረቂያው አልጋና ቡናው ይታያል። በተኗ ግን ለጠባቡ ስክሪን አልበቃ ብላ ጽሑፉ ሁለት መስመር ሆኗል፤ የላይኛው መስመር ተቆርጦ ጠፍቷል። የቀረው አንድ ቃል ነው። «ይጫኑ» ይላል።

ለእኛ በጣት መንካት ነው። ቡና አገር ግን ጫን ማለት ጫን ነው፤ ጆንያ በትከሻ፣ ከትከሻ ወደ መኪና።

«ሀጂ፣ ጥፋቱ የገጹ ነው። ይኸው፣ ይዩት» አልኳቸው።

አንዴ አየት አደረጉና መለሱልኝ። «ስልክ መነካካትና ቡና መጫን ምን አገናኘው? ለሱ ጠበቃ አትሁኚ፣ ልጄ።»

ብናገር ብናገር አልሰማ አሉኝ። ከቴፒ የሚመጣ መኪና በእኛ ከተማ ማለፉ አይቀርም፤ ባጃጅ ይዘን ወደ መንገዱ ወጣን። ሦስታችንም ከኋላ ተጣበን ተቀመጥን። ዝናቡ አልበርድ ብሏል። መኪናው ቀድሞን ካለፈ ቡናውም ሰውየውም አለቀላቸው። ባልደረባዬ ጥፍሩን እየበላ «አጭር ጽሑፍ ፈልጊ ብዬሽ ነበር» አለኝ በሹክሹክታ። «ስክሪኑን መሞከር ያንተ ሥራ ነው፤ አሁን አፍህን ዝጋ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁላችንም መንገዱን አየን።

መኪናው ብቅ ሲል ሀጂ በዚያ ዕድሜያቸው መሀል መንገድ ገቡ። ሾፌሩ በስንት መከራ አቆመ። ጠባቂው ቡናው እንዳይሰረቅ ብሎ ከሸራው በላይ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነበር የመጣው። ሽበታም ሰው ነው። ውሃ በውሃ ሆኖ፣ ግን ፈገግ እያለ ወረደ። እኔን ያንገበገበኝ ፈገግታው ነው።

ሀጂ አንዱን ጆንያ አስከፍተው እጃቸውን ከተቱ። ሞቅ ብሏል፤ ገና አልሸተተም።

«ማን ነው ጫን ያለህ?»

ጠባቂው ስልኩን ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ አሳያቸው። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ በእናቱ ቋንቋ በሸኮኛ ዜማ፣ ቃል እየመረጠ ይናገራል።

«ፎቶዬ አለ። ከሥሩ ይጫኑ ይላል። ከእርስዎ ስልክ ነው የመጣው።»

«እርጥብ መሆኑን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደውዬ እጠይቅ ነበር።» ፊቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ ጠረገ። «እርስዎ ሁልጊዜ ጫን ነው የሚሉኝ። ሾፌሩም ጫን ይለኛል፤ ቡናውን የሚመዝነውም ጫን ይለኛል። ይጫኑ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲህ አክብረው ሲያዙኝ እንዴት ልጠይቅ? ቶሎ ልድረስ ብዬ ነው።»

ባልደረባዬ ፊቱን አዞረ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያቺን ቃል ስንጽፍ እሱን አስበን አልነበረም፤ ድረ ገጽ ላይ እንደዚያ ስለሚጻፍ ብቻ ነው።

ሀጂ ስልኩን ተቀብለው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እያደረጉ ጽሑፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሾፌሩን አማን ወዳለው ግቢያቸው እንዲነዳ አዘዙት፤ እኛም በባጃጅ ተከተልን። መኪናው ሰፊው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆመ። ጠባቂው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የሚነገረውን ይጠብቅ ነበር።

«ነገ ወደ መጋዘንህ ትመለሳለህ» አሉት ሀጂ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ሀጂ ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱ። ሁላችንም ጠበቅን፤ እሱም ጠበቀ።

«በል፣ አራግፍ» አሉት።

ባርኔጣውን አጥልቆ የመጀመሪያውን ጆንያ ተሸከመ።