አባባ ቃል ያጡ ጊዜ

ሰፈሩ በሙሉ አንቱ የሚላቸውን ሰው አንተ የምትል ሚጣ ብቻ ነበረች። ሰው "ለአያትሽ እንዲህ ትያለሽ?" ብሎ ሊቆጣት ሲል፣ አያቷ ቀድመው "ተዋት፣ እሷ ጥርስ ስታወጣ እኔ ሳረግፍ አብረን ያደግን ነን" ይሉና ነገሩን በሳቅ ይዘጉታል።

እውነትም አብረው ነው ያደጉት። የአያቷ ልጅ የሆነችው እናቷ ሚጣን በወለደች በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተች። አባቷ ከቀብሩ መልስ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አያቷ ሚስታቸውን ቀደም ብለው ቀብረው ነበርና ሕፃኗ እጃቸው ላይ ቀረች። ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ሱቅ ካልከፈቱ አይበላም። ስለዚህ ከመስተዋቱ ሥር የእንጨት ሳጥን አስቀምጠው፣ ፎጣ አንጥፈው እዚያ ያስተኟታል። ስታለቅስ ደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላቱን ላጭተው ይተዉትና ጡጦዋን ሊያሞቁ ይሄዳሉ። ሰውየው ካጉረመረመ "አንተ ደግሞ እንዲህ ሆነህ የት ልትሄድ ነው?" ይሉታል።

ሰው ወደ ፀጉር ቤቱ የሚመጣው ለፀጉሩ ብቻ አልነበረም። ሚጣ አባባ የምትላቸው አያቷ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ አፋቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። መላጣው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ እንኳን ብቅ ሲል "ና ግባ፣ ፀጉርህ ባያድግም ወሬህ አድጓል" ብለው ያስቀምጡታል። ከጎናቸው የሚሠራው ጫማ ሰፊ ደግሞ የልብ ወዳጃቸው ነበር። በረባ ባልረባው ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ አንዱ ከቀረ ግን ሌላው ምሳ አይወርድለትም።

ሚጣ አድጋ፣ ተምራ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ነጭ ጋወኗን የለበሰች ዕለት አባባ ሱቃቸውን ዘግተው መጡና ምንም ሳይታመሙ ሰልፍ ያዙ። ተራቸው ሲደርስ "የደስታ ማስታገሻ አላችሁ?" አሏት። ከኋላቸው የተሰለፉት ሳቁ፤ እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዱብ ዕዳው የመጣው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባባ ጫማ ሰፊውን እየላጩ ሳለ ነው። እንደ ልማዳቸው ወሬ ጀምረው፣ መሳቂያው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ድምፃቸው ተቋረጠ። ጫማ ሰፊው አጓጉተውት ሊጨርሱ መሰለውና አስቀድሞ ሳቀ። ከዚያ ምላጩ ከእጃቸው ወደቀ።

ሚጣ ሀኪም ቤት ስትደርስ ጫማ ሰፊው በግማሽ ጉንጩ ላይ አረፋው ደርቆ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

"እኔ እኮ እየሳቅኩ ነበር" አላት።

የቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ለወራት አልጋ ላይ ዋሉ። ንግግራቸውም ተወሰደ፤ ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈቻቸው አንዲት "ግድ የለም" ብቻ ነበረች። ሀኪሙ ሚጣን ወደ ጎን ወስዶ "ሁሉም ነገር ይገባቸዋል። ቃሉ ነው እምቢ ያላቸው" ብሎ አስረዳት። ይህ መጽናኛ ይሁን ቅጣት ሚጣ መለየት አቃታት።

ቤት ከገቡ በኋላም ውሃ ሲጠማቸው "ግድ የለም" ይላሉ። ሲበርዳቸውም፣ ሲያማቸውም ያው ነው። ከአፋቸው የወጣው ያሰቡት አለመሆኑን ራሳቸው ይሰሙታልና በደህናው እጃቸው ፍራሹን ይደበድባሉ። ሚጣ ቀስ በቀስ ድምፃቸውን መለየት ለመደች፤ አጭሩ ውሃ ነው፣ ረጅሙ ሕመም። ጫማ ሰፊው ሚጣ ሥራ ስትሄድ እየመጣ አብሯቸው ይውላል። ለሁለት እያወራ፣ እሳቸውን ወክሎ ራሱን እየሰደበ ሊያስቃቸው ይሞክራል። አንዳንዴም ይሳካለታል።

አንድ እሁድ ጠዋት ሚጣ ፊታቸውን አጥባ ስትጨርስ አባባ እጇን ያዟት። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የእናቷ ፎቶ ጠቆሙ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

"ግድ የለም" አሉ ቀስ ብለው። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ሚጣ እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አስቀመጠች። ያ ስለ ሁሉም የሚያወራ አፍ ስለ እናቷ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። ልጅ ሳለች ስትጠይቃቸው ወሬ ይቀይራሉ፣ ያስቋታል። ቁስላቸው መሆኑ ሲገባት መጠየቋን ተወች።

"ስለ እናቴ ልትነግረኝ ነው?"

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

"ከመሞቷ በፊት ያለችው ነገር አለ? ስለ እኔ?"

አሁንም ነቀነቁ። አፋቸውን ከፈቱ፤ የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። "ግድ የለም… ግድ የ… ግድ የለም።" እንባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወረደ። ሚጣ የመጣላትን ሁሉ ጠየቀች፤ አደራ ይሁን፣ ስም ይሁን፣ ይቅርታ ይሁን። በእያንዳንዱ ራሳቸውን ግራና ቀኝ አወዛወዙ። በመጨረሻ ጭንቀታቸውን ማየት አንጀቷን ቢበላው እጃቸውን ሳመችና "ገብቶኛል አባባ። ገብቶኛል" አለቻቸው።

ትክ ብለው አዩአት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ውሸቷ ጠፍቷቸው አያውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ያረፉት ሚጣ ሥራ ላይ ሳለች ነው፤ ጫማ ሰፊው ትራሳቸውን ሊያስተካክል ጎንበስ ሲል ትንፋሻቸው እንደሌለ አወቀ። ቀብራቸው ላይ ሰው እንደ ጉድ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪው ከሁሉ በላይ አለቀሰ።

ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ሚጣ ጫማ ሰፊውን አስቀረችው።

"ጋሼ፣ ስለ እናቴ የነገረህ ነገር የለም? ትንሽም ብትሆን?"

ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ሊዋሽላት እንደፈለገ ፊቱ ያስታውቅ ነበር።

"የለም ልጄ" አላት። "ስለሷ ሲነሳ ምላጭ መሳል ይጀምሩ ነበር። እኔም እተወው ነበር።"

ሚጣ ሸኝታው ተመለሰች። የአባባን አልጋ አንሶላ ገፍፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች፤ መልሳ አወጣችው፣ እንደገና አልጋው ላይ ዘረጋችው። ደጅ ላይ የጎረቤት ልጆች ይጫወታሉ። በሩን ዘግታ፣ አንሶላው ላይ ጋደም ብላ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።