አባቴ እና የጭቃው ክፍል

አርክቴክቸር በምማርበት ጊዜ ወሬ የሚደርሰን በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ከስቱዲዮው መግቢያ አጠገብ የተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ሁሉ ተደራርቦበት ስለሚኖር ማንም አያነበውም። ሁለተኛው የትምህርት ክፍሉ የቴሌግራም ቻናል ነው። ውድድሩ፣ ኢንተርንሺፑ፣ ኤግዚቢሽኑ፣ የውጭ አገር ስልጠናው፣ ሁሉም የሚለቀቀው እዚያ ነው። ስልካችን ድምፅ ባሰማ ቁጥር ሞዴል የምንቆርጥበትን ምላጭ አስቀምጠን እናያለን።

አራተኛ ዓመት እያለሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ማስታወቂያ ወጣ። አንዱ ውጭ አገር ስለሚካሄድ የዲዛይን ወርክሾፕ ነበር፤ ከትምህርት ቤታችን በጣም ጥቂት ተማሪ ይወስዳሉ፣ የአውሮፕላኑንም የማደሪያውንም ወጪ ይችላሉ። ሌላው ደግሞ በሴሚስተር እረፍት ነፋስ ስልክ ውስጥ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ግቢ አንዲት የመማሪያ ክፍል በጭቃ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው ሥር የልብና የጭብጨባ ምልክቱ ተደረደረ። ከሁለተኛው ሥር አንዱ «ለዚህማ ዲግሪ አያስፈልግም» ብሎ ጻፈ፤ ሌሎቹ ሳቁበት።

እኔም የሮጥኩት ወደ መጀመሪያው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ጠረጴዛ የምንጋራ ጓደኛ ነበረችኝ፤ ቤተሰቦቿ መካኒሳ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ አላቸው። አብረን ሥራዎቻችንን መረጥን፣ አብረን ፎቶ አነሳን፣ አንዳችን የሌላችንን ጽሑፍ አረምን። ውጤቱ ሲመጣ እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራዋ ከኔ ይሻል ነበር። ቢሆንም ያን ቀን ከማንም ጋር ሳላወራ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ያንን የጭቃውን ማስታወቂያ ፈልጋ አወጣችልኝ።

«እረፍቱን ሙሉ ቤት ቁጭ ብለሽ የኔን ፎቶ ልታዪ ነው?» አለችኝ። «ተመዝገቢ።»

ተመዘገብኩ። ያመለከተው ሰው ጥቂት ስለነበረ ማንም አልወደቀም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መካኒሳ አቦ አጠገብ ያለችውን የብሎኬት ቤታችንን የሠራት ከየጉዞው ሲመለስ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት እየጨመረ ነው። እኔ አርክቴክቸር ሲደርሰኝ ከቤቱ ሁሉ በላይ የተደሰተው እሱ ነበር፤ የሚያውቀውን ሁሉ «ልጄ ፎቅ ልትሠራ ነው» ሲል ሰንብቷል። ስለዚህ ማታ እራት ላይ ስለ ወርክሾፑ ስነግረው ነፋስ ስልክ መሆኑ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ ያደገበት ሰፈር ነው፣ ዕድሩም እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

«በምን የሚሠራ ክፍል?» አለኝ።

«በጭቃ።»

እጁን ከመሶቡ ሰበሰበ። እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«እኔ ከጭቃ ቤት የወጣሁት አንቺ ተመልሰሽ እንድትገቢበት አይደለም» አለ። ተነስቶ እጁን ታጠበና ወደ ክፍሉ ገባ።

ያፈረ መሰለኝ። ድህነቱን ማስታወስ አልፈለገም፣ ጎረቤትስ ምን ይላል ብሎ ነው፣ አልኩ ለራሴ። ስለ ጭቃ ቤት ጥቅም፣ ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜው፣ ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ሁሉ ልነግረው አስቤ ነበር፤ እናቴ ግን ተይው አለችኝ። ሂጂ፣ እሱን እኔ እይዘዋለሁ አለች። ሄድኩ።

የሚያሠሩን መምህር ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ከኛ ጋር ጭቃ የሚረግጡ ሴት ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሠረቱን ቆፍረን በድንጋይ ሞላን፣ ድንጋዩንም ከመሬት በላይ ከፍ አድርገን ገነባን። ከዚያ ባሕር ዛፉን አቆምን፣ ማገሩን መታን። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ በላስቲክ ተሸፍኖ ሰነበተ። ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ አንዷ ልጅ ለሁለት ቀን ምሳ መብላት አቃታት። መንገደኛው በአጥሩ ቀዳዳ እያየን ያልፋል። አንዲት ሴትዮ ቆም ብለው ዩኒቨርሲቲ የምንማረው ይህንን እንደሆነ ጠየቁን፤ መምህራችን አዎ ሲሏቸው «እግዜር ያሳያችሁ» ብለው ሄዱ። ምርቃት ይሁን ስድብ ስንከራከር ዋልን።

የጓደኛዬ አባት ደግሞ ወሬውን ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ ሱቃቸው ጎራ ስል፣ በጭቃ የሚሠራ ሰው ከኔ ምን ይገዛል ብለው ቀለዱብኝ። የጣሪያውን አሸንዳ በነፃ የሰጡን ግን እሳቸው ናቸው።

ቤት ስገባ አባቴ የጭቃ ልብሴን እንዳላየ ያልፋል። ውጭ ቧንቧው ሥር አጥቤ እሰቅለዋለሁ። ሰላምታ አልነፈገኝም፤ ሌላ ነገር ግን አናወራም። ሳምንት ያህል እንዲህ ከሆነ በኋላ አንድ ቅዳሜ እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ፣ እኔ ሳልጠይቃት ጀመረች።

አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ አንድ እግሯን ትጎትታለች። ብስራተ ገብርኤል ነው የምትኖረው፤ በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ናት። ልጅ ሆኜ እግሯ ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቅ በሽታ ነው ተብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። በሽታ አልነበረም። ነፋስ ስልክ ያለው የአያቶቼ ቤት የጭቃ ነበር። አንድ ክረምት ቀንና ሌሊት ሲዘንብ ከርሞ አክስቴ የተኛችበት በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀባት። አያቶቼ ገበያ ሄደው ነበር። ከሥሩ ቆፍሮ ያወጣት አባቴ ነው፤ ያኔ እሱም ልጅ ነው። ተሸክሟት ዋናው መንገድ ድረስ በዝናብ ሮጧል።

«እኔም የሰማሁት ከአክስትሽ ነው» አለች እናቴ። «እሱ አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም።»

ሰኞ ዕለት መምህራችንን ለብቻቸው አግኝቼ ነገርኳቸው። የቤተሰብ ታሪክ ነው ብለው ያልፉታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ግድግዳው በየት በኩል እንደወደቀ፣ ከቤቱ ጀርባ ምን እንደነበረ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው።

«እንግዲያው እሳቸውን ጠይቂያቸው» አሉኝ። «ለሥራው ብዬ አይደለም። ስለሚያገባቸው ነው።»

አባቴን ያገኘሁት በረንዳ ላይ ራዲዮ ሲያዳምጥ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ፣ እናቴ ስለ አክስቴ እንደነገረችኝ አወራሁት። ራዲዮውን ቀነሰው። የተቆጣ መስሎኝ ልነሳ ስል ተናገረ።

«ግድግዳው ድምፅ አልነበረውም» አለ። «ሲወድቅ የሚጮህ ነው ለሰው የሚመስለው። አይጮህም። ቁጭ ነው የሚለው። እኔ እሳቱ ጋ ነበርኩ፤ ዘወር ስል ውጭው ታየኝ። ጎረቤት ያለው ባሕር ዛፍ ታየኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፣ ዛፉ እንዴት ታየኝ ብዬ። ከዚያ ነው እሷን ያሰብኳት።»

መልሴን ሳይጠብቅ፣ የምትሠሩት ቤት ከሥሩ ምንድን ነው አለኝ። ድንጋይ ነው አልኩት፤ እስከዚህ ድረስ ብዬ በእጄ አሳየሁት። «ጣሪያውስ?» አለ። ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንደሚያጠላው፣ ዙሪያውን ቦይ እንዳለው ነገርኩት። እያንዳንዱን መልስ በጥሞና ሰማ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ክረምቱ ይመጣል።»

ክፍሉ አለቀ። ውስጡን በነጭ አፈር ለቀለቅነው፤ መስኮቶቹን ልጆቹ ቁጭ ብለው ውጭውን ማየት እንዲችሉ ዝቅ አድርገን ነበር የሠራናቸው። በተመረቀበት ቀን ወላጆች መጡ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶው የትምህርት ክፍሉ ቻናል ላይ ወጣ። ያን ቀን ብዙ የልብ ምልክት ተሰጠን። ጓደኛዬም ካለችበት አገር ስለ ጭቃው ሽታ እየጠየቀች ጻፈችልኝ። አባቴን ጠርቼው ነበር፤ ዕድር አለብኝ ብሎ አልመጣም። እናቴ ብቻ መጥታ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና «ለስላሳ ነው» አለች።

ከዚያ ክረምት ገባ። የዚያን ዓመት ዝናብ ኃይለኛ ነበር፤ የኛም ሰፈር መንገድ ጎርፍ ይዞት ታክሲ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነበር። አባቴ ደግሞ የዕድር ጉዳይ አበዛ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል፤ ሲመሽ ጫማው ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። እናቴ ይኼ ዕድር ምን ሆነ፣ ሰው አለቀ እንዴ እያለች ታጉረመርማለች።

እኔም ስለ ክፍሉ እጨነቅ ነበር። አንድ ሌሊት ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ላይ አላስችል አለኝና በሁለት ታክሲ ነፋስ ስልክ ሄድኩ። መዋዕለ ሕፃናቱ ለክረምት ተዘግቷል፤ በር የከፈቱልኝ ዘበኛው ናቸው። ግድግዳውን ለማየት መምጣቴን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ሽማግሌው ልከውሽ ነው?» አሉኝ።

የትኛው ሽማግሌ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጃንጥላ ይዘው የሚመጡት» አሉኝ። ዝናብ ባባራ ቁጥር ይመጣሉ፤ ክፍሉን በጀርባ በኩል ይዞራሉ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሩ በእጃቸው ይነካኩታል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ የቀበሌ ሰው መስለዋቸው እንደነበር፣ አሁን ግን ወንበር አውጥተው እንደሚያስቀምጧቸው ነገሩኝ።

እየነገሩኝ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ነበር።

እኔን ሲያይ አልደነገጠም። ከዚህ ወዲያ የዕድሩን ነገር ማንሳት ትርጉም እንደሌለው ሁለታችንም ገብቶናል። ጃንጥላውን አጥፎ ከበሩ ጋር አስደገፈና ከፊቴ ቀድሞ ወደ ጀርባ ዞረ። በአንደኛው ማዕዘን ምርጉ ረጥቦ ጠቆር ብሏል። ቀና ብዬ ሳይ አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ውሃውን ወደ ግድግዳው ይተፋል።

«ባለፈው ይሄ አልነበረም» አለ አባቴ።

ፎቶ አንስቼ ለመምህራችን ላክሁላቸው፤ ወዲያው ደወሉ። የግድግዳው ቋሚዎች ድንጋይ ላይ ስለሆኑ የረጠበው ምርጉ ብቻ እንደሆነ፣ አሸንዳው ግን ዛሬውኑ መጠገን እንዳለበት ነገሩኝ። አባቴ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር። ዘበኛው መሰላል አመጡ። ከሰዓት መምህራችን አንድ ተማሪ ይዘው ደረሱ፤ እሱ አሸንዳውን ሲያጋጥም አባቴ ከታች መሰላሉን ይዞ ቆመ። ሲጨርሱ መምህራችን እርጥቡን ምርግ እስከ ማገሩ ልጠው እንጨቱን አሳዩት። ደረቅ ነበር። አባቴ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገውና ራሱን ነቀነቀ።

ሲደርቅ እንመርገዋለን አሉት መምህራችን። «ሊያዩ ይመጣሉ?» ብለውም ጠየቁት።

«ዝናብ ከሌለ ምን አመጣኝ» አላቸው። መምህራችን ሳቁ። አባቴ ግን ቀልዱን አልነበረም። ቢሆንም መጣ።

መስከረም ላይ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ሲከፈት፣ አክስቴን ይዟት መጣ። ሐሳቡ የሱ ነው፤ እኔ እንኳ አልደፈርኩም ነበር። ልጆቹ ለምሳ ወጥተዋል። አክስቴ እግሯን እየጎተተች ገባች፣ ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቷ አገጯ ሊደርስ ሲቃረብ ሳቋ መጣ። አባቴ ከበሩ አልፎ አልገባም፤ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል።

«ግባ እንጂ» አለችው።

«ደህና ነኝ እዚህ።»

«እኔኮ ግድግዳውን አላስታውሰውም» አለች፣ ለኔ ይሁን ለሱ ሳይለይ። «ተኝቼ ነበር። የማስታውሰው ጀርባህ ላይ ሆኜ ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ሲገባ ነው። ጃኬትህን ከላዬ አላደረግህልኝም ብዬ ተቀይሜህ ነበር።»

«ጃኬት አልነበረኝማ» አለ አባቴ።

ገባና አጠገቧ ቆመ። ወንበሩ አይችለኝም ብሎ አልተቀመጠም። ልጆቹ ከምሳ ተመልሰው በሩ ላይ ሲጋፉ ወጣንላቸው። አክስቴን ሸኝተን ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ታክሲ ውስጥ የመመረቂያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ገና አልወሰንኩም አልኩት። ፎቅም ቢሆን ከሥሩ እንድጀምር ነገረኝና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ።