ለሕፃን ጆሮ የተገራ ድምፅ

ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ኮሌታ የምትሰፋዋን ልጅ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ጡሩምባ» ነበር የሚሏት። የስፌት መኪናዎቹ አንድ ላይ ሲያጓሩ፣ ዘፈኗ ከላያቸው አልፎ መጋዘን ድረስ ይሰማል። ዓመታት እንዲህ ስትዘፍን ኖራ፣ ጉሮሮዋ ዝግ ማለትን ከነጭራሹ ረስቶታል።

በቴሌቪዥኑ የድምፅ ውድድር ያጋለጣትም ይኸው ነው። ማጣሪያውን አለፈች፤ በመጀመሪያው የቀጥታ ስርጭት ግን ማይክራፎኑን ከንፈሯ ላይ ለጥፋ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ለቀቀችው። ድምፅ ማጉያው አፏጨ። አንዷ ዳኛ ጆሮዋን ያዘች።

«ልጄ፣ እኛ እኮ አልደነቆርንም» አሉ ሽማግሌው ዳኛ። አዳራሹ ሳቀ። «ድምፅሽ ወርቅ ነው፤ ግን ትጮኺያለሽ። እስከ ሳምንት ካልገራሽው እንሰነባበታለን።»

በማግስቱ ወሬው ፋብሪካ ቀድሟት ደርሷል።

«ጡሩምባ፣ ዳኞቹን ጆሮ ሐኪም ጋ ላክሻቸው አሉ» አላት መካኒኩ።

«አንተ መኪኖችህን ዘይት አጠጣ፤ እነሱ ናቸው ያበላሹኝ» ብላ ኮሌታዋ ላይ አቀረቀረች። ውስጧ ግን እርር ብሏል። እዚያ ወንበር ላይ ማርጀት አትፈልግም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር በአንዲት ክፍል ነው፤ እህቷ ደግሞ አራስ ናት።

«እዚሁ ልለማመድ?»

«ልጄን ከቀሰቀስሽው፣ አዝለሽ የምታስተኚው አንቺ ነሽ።»

«እሺ፣ ይሁን።»

ከሥራ እንደገባች አልጋው አጠገብ ቆማ ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሕፃኑ ነቃ። አዘለችው፣ እሹሩሩ አለችው፣ አስተኛችው፤ እንደገና ጀመረች። እንደገና ነቃ።

«ይሄ ዳኛ ከነዚያ ይብሳል» አለች ላቧን እየጠረገች።

የባሰው ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ነበር። ዝቅ ስታደርገው ዘፈኑ ይሞታል፤ ስትለቀው ሕፃኑ ይነቃል።

«ሌላ ዘፈን ምረጪ» አለቻት እህቷ።

«አልመርጥም። ያቺን ከፍ የምትል ቦታ ከተውኩማ ምን ቀረኝ?»

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ከፍ ሲል ወደ በሩ እየሸሸች፣ ዝቅ ሲል ወደ አልጋው እየቀረበች ትዘፍን ጀመር። ጀርባዋ ዛለ፤ አላቆመችም። በውድድሩ ዋዜማ ሕፃኑ ጡጫውን እንደጨበጠ ዘፈኑ እስኪያልቅ ሳይነቃ ተኛ።

መድረክ ላይ በጣም ዝግ ብላ ስለጀመረች፣ ድምፅ ተቆጣጣሪው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ብድግ አለ። አልቸኮለችም። አዳራሹ ፀጥ እስኪል አባበለችው። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ማይክራፎኑን በክንዷ ልክ አራቀችና ጉሮሮዋን ከፈተች። ምንም አላፏጨም። ጆሮዋን ይዛ የነበረችው ዳኛ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች።

«አሁን ሰማንሽ» አሉ ሽማግሌው። «እለፊ፣ ልጄ።»

በኋላ ፍጻሜውን ስታሸንፍ አገር ምድሩ አወቃት፤ ፎቶዋ አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ወደ ቀጣዩ ዙር ያለፈች ዕለት ግን ጭብጨባው ሳይበርድ ከመድረኩ ጀርባ የዕቃ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ዘፈን ማጥናት ጀምራ ነበር።